ሰው ካልፈታው

«በዚህስ አይጠራጠሩ፥ እትዬ። የሠራችው የገዛ እህቴ ናት። ሰው በእጁ ካልፈታው አይፈታም። ዘበኛው ነው።»

እስከዳር ይህን የሰማችው ቅዳሜ ማለዳ፥ ፊቷን ልትታጠብ በጆግ ውሃ ይዛ ከክፍሏ ስትወጣ ነው። ታላቅ ወንድሟ የሺጥላ ጀርባውን ሰጥቷት፥ አንድ እግሩን የግቢው ቧንቧ ላይ አሳርፎ፥ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ ያወራል። ጫማው ተወልውሏል፤ ለትልቅ ጉዳይ ብቻ የሚያወጣውን ግራጫ ኮት ለብሷል። ውሃው ከጆጉ እየፈሰሰ እግሯን ሲያርሰው እንኳ አላወቀችውም። ስልኩን ዘግቶ ዘወር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«የትኛው ዘበኛ?» አለችው።

«አልነገርሁሽም እንዴ?» አለ፤ እንዳልነገራት ግን ሁለቱም ያውቁታል። «የቡሬዋ እትዬ አምለሰት መጋዘን ነው። ረቡዕ ሌሊት አሥራ አራት ማዳበሪያ በርበሬ ወጥቶባቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበርበሬው ካሜራ ጠፋ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰ። እስከ ሦስት ሰዓት ግቢው ውስጥ ከዘበኛው ሌላ ሰው የለም። የካሜራውን ገመድ ፈታው፥ ሰረቀ፥ መልሶ አሰረው። ምን የሚጠየቅ አለው?»

«ሰውዬው የት ነው?»

«የት ይሆናል? ፖሊስ ጣቢያ ነዋ። ሁለት ሌሊት አደረ። ሰኞ ፍርድ ቤት ያቀርቡታል።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገና፥ «ሳጅኑ የሠሪዋን ቃል ይፈልጋል። አብረን እንሂድና አንዲት ወረቀት ላይ ትፈርሚያለሽ፤ በቃ። በዚያውም ከሰዓት በኋላ የዘይት ፋብሪካውን ውል እንጨርሳለን» አላት።

እስከዳር ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ክፍሏ ከወንድሟ የካሜራና የዲሽ ሱቅ በስተጀርባ ያለች፥ ግማሽዋ መኝታ ግማሽዋ ወርክሾፕ የሆነች ናት። ከአልጋዋ እግርጌ ከባሕር ዳር አሮጌ ገዝታ ያስጠገነችው የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቆሟል፤ ከቶርኖው ጎን ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ፥ ከሞርሳው በላይ በመጠን የተደረደሩ የብረት መሞረጃ ሊማዎች። በሳምንት አምስት ቀን ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ ታስተምራለች፤ የቀረው ጊዜዋ በሙሉ የዚህ ክፍል ነው። ያቺ ወንድሟ በስልክ ሲናገራት የሰማቻት ቃል የማን እንደሆነች ታውቃለች። ባለፈው ጥቅምት ወይዘሮ አምለሰት ሱቁ መጥተው፥ «ይኸ ነገር እርግጥ አይፈታም?» ብለው ሲጠይቁ፥ ከወንድሟ ቀድማ «ሰው ካልፈታው አይፈታም» ያለችው እሷ ነበረች። እንዲያውም ኩራት ተሰምቷት ነበር።

የካሜራ ገመድ ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ልጥ ይመስላል። ሲገፈፍ ግን እንደ ሽንኩርት ንብብር ነው፤ ከላይ ጥቁሩ ሽፋን፥ ከሥሩ የተጠለፈ የሽቦ መረብ፥ ከመረቡ ሥር ነጭ ፕላስቲክ፥ ከሁሉም መሃል እንደ መርፌ የቀጠነ አንድ መዳብ። ምስሉን ተሸክሞ የሚሄደው ያ መዳብ ነው። ገመዱ ከካሜራው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ፥ ባለሙያዎቹ ኮኔክተር የሚሉት፥ ገበያ ላይ በሃያ ብር ይገኛል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ይላላል፤ የሺጥላም በየሳምንቱ መሰላል ተሸክሞ ይሮጣል። እስከዳር ዓመት ሙሉ ስታስብ፥ ስትቆርጥ፥ ስትጥል ኖራ ከነሐስ የራሷን ሠራች። ጥርስ ያላት ስፕሪንግ ውስጡ ተደብቃለች፤ አንዴ ገብታ ከነከሰች፥ ሰው አውራ ጣቱን ተጭኖ ካላዞራት አትለቅም። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥላበት ሦስት ቀን ሰነበተ። የጎረቤቷ ባጃጅ ሥር አስራው ሳምንት ሙሉ ኮረኮንቹን ዞረ። በባልዲ ውሃ ውስጥ አደረ። አልፈታም።

በመጀመሪያው ሥራዋ ላይ አንዲት ቀለበት ነበረች፤ ወደ ውስጥ ገብታ መረቡን አንቃ የምትይዝ። እሷን ለማስገባት ለአንዱ ገመድ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የሺጥላ አንድ ቀን መሰላል ላይ ሆኖ ከታገላት በኋላ፥ «ሽፋኑን ከያዘ መረቡን መያዝ ምን ያደርጋል? በዚህ አያያዝ ሥራው አያልቅም፥ እስኬ» አላት። ያለ ቀለበቷ ጀሪካኑን አንጠለጠለችው። አልፈታም። ቀለበቷን አስቀረቻት። የወይዘሮ አምለሰት ግቢ ላይ የተሰቀሉት ሁሉ ቀለበት የሌላቸው ናቸው።

ፒንሳዋን፥ ካቻቢቴዋን፥ የብረት መጋዟንና መለኪያዋን በቦርሳ ከትታ ወጣች። ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ረዳቱ ገበያ ነው ብሎ ከታሪፉ ላይ ሠላሳ ብር ጨመረ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተንጫጫ፥ ከፈለም። የሺጥላ የሁለቱንም ከፈለና በመስኮቱ በኩል የታጨደውን የበቆሎ ማሳ ማየት ጀመረ። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ብዙ ነገር በዝምታ ነው የሚነጋገሩት። የዘይት ፋብሪካው ሥራ ለወንድሟ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ስድሳ ካሜራ ነው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የወይዘሮ አምለሰት አማች ነው፤ ወይዘሮዋ «ይሆናሉ» ካሉ ይሆናል። የሺጥላ ሦስት ልጆች አሉት፥ የሱቁ ኪራይ በእጥፍ ጨምሯል። የነሐሱ ጫፍም የእሷ ሕልም ነው፤ ስድሳ ካሜራ ላይ ከተሰቀለ ባሕር ዳርም፥ ደብረ ማርቆስም ይጠራል። ይህን ሁሉ እያወቀች፥ ከሁሉ ይበልጥ የከነከናት ግን ሌላ ነበር። ሌባ ለምን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ይጠብቃል? በርበሬውን በጨለማ ካወጣ፥ ገመዱን በፀሐይ መልሶ የሚያስረው ለምንድን ነው?

የመጋዘኑ በር ላይ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው፥ ምሳ ዕቃ ታቅፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሺጥላ ሰላምታ ሳይሰጥ ሊያልፍ ሲል እሳቸው ተነሡ።

«እናንተ ናችሁ የካሜራው ሰዎች?»

«አዎ፥ እማማ» አለች እስከዳር።

«እኔ የጌታሁን ባለቤት ነኝ፥ እናኑ። የዘበኛው።» ምሳ ዕቃውን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ከናንተ ጋር ሙግት የለኝም። ግን የምታውቁት ነገር ቢሆን ብዬ ነው። እሱ እንኳን የካሜራ ገመድ ሊፈታ፥ የራሱን ራዲዮ ባትሪ የምቀይርለት እኔ ነኝ። ጣቱ ይንቀጠቀጣል። ኑሮ ሲገፋው የመጣ ነው፥ አሁን የመጣ አይደለም። ይኸንን ለሳጅኑ ነገርሁት፤ ‹ሚስት ናቸው› አለኝ።»

እስከዳር «እግዜር ያውቃል» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አፈረች፤ ሰው ማወቅ የሚገባውን ለእግዜር መተው መሰላት።

የወይዘሮ አምለሰት ቢሮ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት፥ ከግቢው ማዶ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የበርበሬ ብናኝ ጠረጴዛውንም፥ ሚዛኑንም፥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የማርያም ሥዕል መስታወትም አልብሶታል፤ የገባ ሁሉ ያስነጥሳል፥ እሳቸውን ብቻ አያስነጥሳቸውም። ለእንግዶቹ ለስላሳ አስከፈቱ። ስለ ፍኖተ ሰላም መብራት መጥፋት ጠየቁ፤ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ የሺጥላ ልጆች ጠየቁ፤ እሱ መለሰ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ጌታሁን እዚህ ግቢ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል» አሉ። «ልጄን ስድር ድንኳን የተከለው እሱ ነው። ደስ ብሎኝ ያሳሰርሁት እንዳይመስልሽ። ግን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ሰው ካልፈታው አይፈታም ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺን አምኜ ነው።»

«አዎ፥ እትዬ፤ ብያለሁ» አለች እስከዳር። «ከመፈረሜ በፊት ግን ልየው።»

የሺጥላ መሰላሉን ያዘላትና ወጣች። ካሜራው የበርበሬው መጋዘን ጉልላት ሥር ተሰቅሏል፤ ገመዱ ከዚያ ተነሥቶ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ያልፍና፥ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ግቢውን አቋርጦ ቢሮው ይገባል። ቆርቆሮው ገና በዚህ ሰዓት እጅ ያቃጥላል። የነሐስ ጫፏ እንደነከሰች ናት፤ ስትጎትታት ንቅንቅ አላለችም። በጫፏና በካሜራው መሃል ሸረሪት ድር አድርታለች፤ ድሩ የበርበሬ ብናኝ ጠጥቶ እንደ ቀይ ሻሽ ወፍሯል፤ አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም። እስከዳር ቀና ስትል ከግቢው በስተምሥራቅ ረጃጅም ባሕር ዛፎች አየች። የጠዋት ፀሐይ እነሱን ዘልላ ቆርቆሮው ላይ የምታርፍበት ሰዓት ስንት ይሆናል? ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ፥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጀሪካን አንጠልጥላለች፥ ባጃጅ ሥር አስራለች፥ ውሃ ውስጥ ነክራለች። ብርድ ግን አላሰበችም። ማንም እጁን ሳያነሣ፥ ብርዱ ገመዱን አኮማትሮ፥ መዳቡን ከጥቁሩ ሽፋን ውስጥ ወደ ኋላ ስቦት ይሆን? ጥርሷ የነከሰችው ሽፋኑን ብቻ ነው። ያቺ መረቡን ከነመዳቡ አንቃ የምትይዝ ቀለበት ስለቀረች መዳቡን የያዘ ነገር የለም።

«ምን አየሽ?» አለ የሺጥላ ከታች፥ በሹክሹክታ።

«ድር።»

ነገሩ ገባው። እሱም ሞኝ አይደለም። «ውረጅ፥ እስኬ» አለ። «ድር በአንድ ሌሊት ይደራል። ውረጅና ፈርመሽ እንሂድ።»

መሰላሉ ላይ የቆመችበት ጊዜ ረጅም አልነበረም፤ ለእሷ ግን ረዘመ። ወርዳ «አልተነካካም፥ ደህና ነው» ብትል ውሸት አይሆንም፤ ጫፏ በእርግጥ ደህና ናት። ማንም አይጠይቃትም። ከበሩ ማዶ የእማማ እናኑ ነጠላ ጫፍ ይታያታል።

ወርዳ መጀመሪያ ያለፉትን ሌሊቶች ቅጂ አስከፈተች። ማክሰኞ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምስሉ ለአራት ደቂቃ ተርገበገበ። ሰኞም፥ ለአንድ ደቂቃ። ቅዝቃዜው በበረታ ቁጥር እየረዘመ መጥቷል፤ ደመና ብርዱን ባለዘበባቸው በሐሙስና በዓርብ ሌሊት ግን አልጠፋም። «አዩ፥ እትዬ፥ ከስርቆቱ በፊትም ይጠፋ ነበር» አለች። ወይዘሮ አምለሰት ስክሪኑን ጠበብ ባለ ዓይን አዩት፤ «እንግዲያው ይለማመድ ነበራ» አሉ። የሺጥላ አንገቱን ደፋ። እስከዳር በቃል እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባት። «ሳጅኑን ያስጠሩልኝ» አለች፤ «ማንም ሳይነካው ሲጠፋ አሳያችኋለሁ።»

በረዶ ፍለጋ ወጣች። ጾም ነውና ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል። ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ጁስ ቤት ግን ክፍት ነበር፤ ባለቤቱ በፌስታል ያረጋውን በረዶ አንዱን በሃያ አምስት ብር ሸጠላት፤ ስምንት ገዝታ፥ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ታቅፋ በገበያተኛው መሃል እየተጋፋች ተመለሰች። ሳጅኑ ደርሷል፤ ወፍራም፥ ምሳው የዘገየበት ሰው ነው። እሱንና ወይዘሮዋን ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸው። በረዶውን ሰባብራ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ከተተችና፥ ከጫፏ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ፥ ጣሪያው ላይ በተኛው ገመድ ርዝመት ደረደረችው። ጫፏን እንዳልነካች ግቢው ውስጥ ያሉት ተሸካሚዎች ሁሉ አይተዋል። ከዚያ ወርዳ ጠበቀች።

አሥር ደቂቃ አለፈ። ስክሪኑ ላይ ግቢው ፍንትው ብሎ ይታያል፤ አንድ ውሻ አልፎ ሄደ። ሃያ ደቂቃ። በረዶው ቀልጦ በቆርቆሮው ሽንሽን ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ሳጅኑ ሰዓቱን አየ። «እህት፥ ሌላ ሥራ አለን» አለ። ወይዘሮ አምለሰት የለስላሳ ጠርሙሶቹን ሰበሰቡ። የሺጥላ በሩ ላይ ተደግፎ ጫማውን ያያል። ተሳስቼ ይሆን? አለች በልቧ። ብሳሳትስ፥ ሰውዬውን በሁለት ገመድ አሰርሁት ማለት ነው፤ አሁን ያሳየሁት ነገር ሁሉ ጥፋቱን ያጸናበታል። እንደገና ወጥታ ዳሰሰችው። በረዶው ያለበት ቀዝቅዟል፤ የቀረው ገመድ ግን በፀሐይ ግሏል፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ይለቅለታል። «ሸራ!» ብላ ጮኸች። «በእግዜር፥ ያን የእህል ሸራ አቀብሉኝ!»

ተሸካሚዎቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ሸራውን አነሡላት። ሁለቱ ጣሪያው ላይ ወጥተው ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሱት፤ አንደኛው የጉድጓድ ውሃ በባልዲ አምጥቶ ሸራውን አራሰው። እስከዳር ወደ ጁስ ቤቱ ሁለተኛ ሮጠች። ስትመለስ ላብ በላብ ሆናለች። ስድስት ፌስታል በረዶ ሸራው ሥር ገባ። ቢሮው ያለው ሁሉ ስክሪኑ ፊት ተሰበሰበ። ውጭ በርበሬ የሚሰፈርበት ጣሳ ድምፅ ይሰማል። ወይዘሮ አምለሰት መቁጠሪያቸውን አወጡ። ሳጅኑ ሊነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

ምስሉ ተንቀጠቀጠ። በመሃሉ ነጭ ጭረት አለፈ፤ ግቢው ለሁለት ተከፈለ፥ ተመለሰ፥ እንደገና ተከፈለ። ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ሳጅኑ ወጥቶ ጣሪያውን አየ፤ መሰላሉ ባዶ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ከጫፏ አሥር ክንድ ርቀው ቆመዋል። «መልሽው» አላት ሲገባ፥ በቀስታ። ሸራው ተገፈፈ፥ ጆንያው ተነሣ፥ የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ አረፈች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግቢው ስክሪኑ ላይ ተመልሶ መጣ፥ ከነተሸካሚዎቹ፥ ከነባልዲው። እስከዳር ያን ጊዜ ብቻ ጫፏን ፈትታ አወረደች፤ ፊታቸው በመጋዝ ለሁለት ከፈለቻት፤ መዳቡ በስንዴ ቅንጣት ያህል ወደ ውስጥ ሸሽቶ እንደነበር የተፋቀበትን ምልክት አሳየቻቸው፥ ስለቀረችው ቀለበትም ነገረቻቸው።

«እንግዲህ ካሜራውን ሰው አላጠፋውም» አለ ሳጅኑ። «በርበሬውን የወሰደው ማን እንደሆነ ይህ አይነግረንም።»

«አይነግራችሁም» አለች። «አያ ጌታሁን ናቸው ብሎ የነገራችሁም ይኸው ነበር። ሌላ ምን አላችሁ?»

ሳጅኑ ወረቀቱን አወጣ። ቃሏን ጻፈ። ማን ሠራው? እኔ። ማንም ሳይፈታው ሊለቅ ይችላል? ይችላል። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ፥ «መረቡን የሚይዝ ቀለበት ነበረ፥ ኋላ ቀረ አልሽ። ያስቀረው ማነው?» አላት። የሺጥላ በሩ ላይ እንዳለ ቀና አለ። ዓይኑን አላየችውም፤ ትንፋሹን ግን ሰማችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሠሪዋ እኔ ነኝ።»

ፈረመች። ወይዘሮ አምለሰት ለሁለት የተከፈለችውን ነሐስ መዳፋቸው ላይ ሲያገላብጡ ቆዩና ለሳጅኑ፥ «ጌታሁን ይውጣ። ዋስ ካስፈለገ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። ለየሺጥላ ግን የተናገሩት አጭር ነበር። «የአማቼን ነገር ለጊዜው ተወው። እኔ ሁለተኛ ለማንም አፌን ሞልቼ አልመሰክርም።» የሺጥላ «እሺ፥ እትዬ» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ግራጫ ኮቱን በበሩ ላይ አወለቀው፤ ሞቆት ይሁን ሌላ አልታወቀም። እህቱን ትቶ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ሄደ።

አያ ጌታሁን ከጣቢያው የወጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ረጅም፥ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸው ላይ የወለል አቧራ ተጣብቋል፤ ጣታቸው ሚስታቸው እንዳሉት ይንቀጠቀጣል። እማማ እናኑ አቧራውን በእጃቸው ያራግፉላቸው ጀመር። እስከዳር ቀርባ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው አቆሟት።

«ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፥ አያ ጌታሁን። ያሳሰረዎት ነገር የእኔ ሥራ ነው። ስለ እመብርሃን ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ወደ ገበያው አቅጣጫ አዩ። ሰው እየተበተነ ነው፤ አህያውም፥ ጋሪውም፥ ባጃጁም መንገዱን ሞልቶታል። ቤታቸው በዚያ ማዶ ነው። «እኔስ ይቅር እልሻለሁ» አሉ። «ሰው ሲሳሳት የመጀመሪያዋ አይደለሽ። ግን ሐሙስ ዕለት በዚህ መንገድ ሁለት ፖሊስ መሃል አድርጎኝ ሲያልፍ ያላየ የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፥ ልጄ። ለገመዱ በረዶ አገኘሽለት አሉኝ። ለሰው አፍ ምን ይገኛል?»

እስከዳር ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፥ «ቤትዎ ድረስ አብሬዎት ልሂድ» አለች። ሽማግሌው መራመድ ጀመሩ። እሷ በቀኛቸው፥ ሚስታቸው በግራቸው ሆኑ።

የመጀመሪያው ያቆማቸው አንድ ጨው ቸርቻሪ ነበር። «ጌታሁን፥ ለቀቁህ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ከደስታ ይልቅ ጥርጣሬ ነበረበት። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። እስከዳር ወደ ሰውዬው ቀረበች። «ካሜራው ነው የዋሸባቸው» አለች። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ብርድ ነው ያጠፋው፤ እጃቸው የለበትም።» ድምፅዋ ቀጥኖ ተሰማት። ጨው ቸርቻሪው ከላይ እስከ ታች አያት። ትንሽ እንደሄዱ ሁለት ሴቶች አቆሟቸው፤ ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ በረታ። አራተኛው፥ የጋሪ ነጂ፥ ሳቀባት። «ብርድ ካሜራ ያጠፋል? ስንት ከፈሉሽ?» አላት፤ በዙሪያው ያሉትም ሳቁ። የሽማግሌው እግር ቆመ፤ ከዚህ በላይ መሄድ ያቃታቸው መሰለ። እማማ እናኑ ክንዳቸውን ያዙ።

«ያጠፋል!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው።

እስከዳር ዞረች። የሺጥላ ነው፤ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፥ በሩጫ የመጣ ሰው ትንፋሽ እየተነፈሰ። «እኔ ወንድሟ ነኝ» አለ ለጋሪ ነጂው፥ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ። «ካሜራውን የሰቀልሁት እኔ ነኝ። መያዣ ቀለበቱ ይቅር፥ ሥራው ይፍጠን ያልሁት እኔ ነኝ። እኒህን ሰው ሌባ ናቸው ብዬ ለመጋዘኑ ባለቤት በስልክ የነገርሁትም እኔ ነኝ። ዓይቼ አይደለም፤ ሥራዬ እንዳይበላሽብኝ ነው። የሚስቅ ካለ በእኔ ይሳቅ።»

የሳቀ አልነበረም። ጋሪ ነጂው ፈረሱን መታና አለፈ። እስከዳር ወንድሟን አየችው። ወደ ጎን ብላ ቦታ ለቀቀችለት። እሱም አልጠበቀም፤ ከእማማ እናኑ እጅ ምሳ ዕቃውን ተቀበለና ከሽማግሌው ኋላ መራመድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ለሚያቆማቸው ሁሉ ተራ በተራ መለሱ፤ አንዴ እሱ፥ አንዴ እሷ። ያመነም ነበረ፥ ያላመነም ነበረ። ገበያውን ሲጨርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

የአያ ጌታሁን ቤት በቁልቋል አጥር የታጠረ፥ ባለ አንድ መስኮት የጭቃ ቤት ነው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውቢት አጥሩ ሥር ልብስ ሲያሰጡ ድምፅ ሰምተው ቀና አሉ። ሽማግሌውን ሲያዩ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከኋላ ያሉትን ሁለቱን ሲያዩ ግን እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ከከተማው ወሬ ያልሰሙት አልነበረም። «እነዚህ የማን ናቸው፥ አያ ጌታሁን?» አሉ፥ ዓይናቸውን ከየሺጥላ ጫማ ሳያነሡ።

እስከዳር ልትመልስ አፏን ስትከፍት ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። ወንድምና እህቱን ረጋ ብለው፥ በየተራ አዩአቸው።

«እንግዶቼ ናቸው» አሉ አያ ጌታሁን። «ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም። ውቢት፥ እሳትሽ ካልጠፋ ፍም ስጭን።»